ቁጥር 25

አርባ ካርዶች ናቸው። ሠላሳ ዘጠኙ ይገኛሉ፤ አንዱ አይገኝም። የድሮ የበረዶ ሆኪ ካርድ የሚሰበስቡ ካናዳውያን ጉዳዩን አሳምረው ያውቁታል። ገንዘብ ያለውም ትዕግሥት ያለውም ሠላሳ ዘጠኙን ይሞላና አርባኛው ላይ ሲደርስ ይቆማል። የሚጎድለው ካርድ ቁጥሩ 25 ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ደግሞ በርት ኮርቦ ይባላል።

መጀመሪያ የገረመኝ ይኸው ስም ነው። ውድ ካርድ ሲባል ማንም የሚጠብቀው የታላቅ ተጫዋች ፎቶ ነው። ዌይን ግሬትዝኪ ገና ጀማሪ ሳለ በ1979 የወጣ ካርዱ በ2021 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ምክንያቱን የጠየቀ አልነበረም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኮርቦ ግን ከቡድን ወደ ቡድን እየተዛወረ እንጀራውን የበላ ተከላካይ ነው። ለሆኪ የሚሞት ካናዳዊ እንኳ ስሙን ሲሰማ “ማን ነው ደግሞ እሱ?” ሊል ይችላል። ታዲያ በዚያ ሁሉ ዝነኛ መካከል የዚህ ሰው ካርድ ለምን ጠፋ? ጥያቄውን ስከተለው ከከረሜላ ፋብሪካ ተነሥቶ ሐይቅ ላይ ጣለኝ።

ከፋብሪካው ልጀምር። ብራንትፎርድ ከቶሮንቶ በስተደቡብ ምዕራብ ያለች ከተማ ናት። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን ሐሳብ የጠነሰሰው እዚያ ነው፤ ግሬትዝኪም የተወለደው እዚያው ነው። ዊልያም ፓተርሰን የሚባሉ ሰው በዚህች ከተማ ብስኩትና ከረሜላ የሚሠራ ድርጅት ነበራቸው። ፖለቲከኛም ነበሩ፤ ከ1897 እስከ 1911 የካናዳ የጉምሩክ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። በ1914 ሲሞቱ ድርጅቱ በስማቸው ቀጠለ። በ1923-24 የውድድር ዘመን ይኸው ድርጅት ከጣፋጭ ምርቱ ጋር የሆኪ ተጫዋቾችን ፎቶ የያዙ ካርዶች አወጣ።

ካርዶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ወርዳቸው 5፣ ቁመታቸው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፎቶዎቹ ወደ ቡናማ ያደላሉ። በዚያ ዘመን ናሽናል ሆኪ ሊግ የነበሩት ቡድኖች አራት ብቻ ነበሩ፤ ሞንትሪያል፣ ኦታዋ፣ ሐሚልተን እና ቶሮንቶ። ስለዚህ አርባ ካርድ ማለት ከጥቂት ሰው በስተቀር ሊጉ በሙሉ ማለት ነው። ታላቁ ግብ ጠባቂ ዦርዥ ቬዚና አለ። በዚያው ዓመት ጨዋታ የጀመረው የሃያ አንድ ዓመቱ ሐዊ ሞሬንዝ አለ፤ በኋላ የዘመኑ ፈጣን ተጫዋች የተባለው እሱ ነው። ኪንግ ክላንሲ አለ፣ ኦሬል ዦሊያ አለ። ሁሉም ከመቶ ዓመት በኋላ ስማቸው የሚነሣ ሰዎች ናቸው፤ የእነሱ ካርድ ውድ ቢሆንም ገበያ ላይ ይወጣል። የኮርቦ ካርድ ግን በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው።

የካርዶቹን ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት ያስያዘው ጄፈርሰን በርዲክ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ሲራኪዩስ በምትባል ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። በአርትራይተስ በሽታ መገጣጠሚያዎቹ እየተቆለፉበት፣ በከረሜላ፣ በማስቲካና በሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ካርድ ሁሉ እየሰበሰበ መለያ ፊደልና ቁጥር ሰጠው። የካናዳ ጣፋጭና ማስቲካ ካርዶች “ቪ” የሚለው ፊደል ደረሳቸው። የፓተርሰን ካርዶች ዛሬም “ቪ145” ተብለው የሚጠሩት በእሱ አመዳደብ ነው። በርዲክ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ የሚሆን ስብስቡን ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አበረከተ፤ ራሱም እየተመላለሰ አልበም ላይ ለጠፈው፤ ሥራውን በጨረሰ በሁለት ወር ገደማ፣ በ1963፣ ሞተ። ሰብሳቢዎች የሚጎድላቸውን ማወቅ የቻሉት እንዲህ ያለ ሰው ዝርዝር ስላበጀላቸው ነው። ዝርዝር ባይኖር ኖሮ ቁጥር 25 መጥፋቱ ራሱ ባልታወቀ ነበር።

ዝርዝሩ ግን ምክንያቱን አይናገርም። አንድ ካርድ ሲጠፋ ብዙ ነገር መገመት ይቻላል፤ ማተሚያው ተበላሽቶ ይሆናል፣ አንድ ካርቶን ሙሉ እሳት በልቶት ይሆናል። ሰብሳቢዎች በመጨረሻ የተስማሙበት ማብራሪያ ግን ሌላ ነው፤ ካርዱ ሆን ተብሎ በጥቂቱ ታትሟል።

በአገራችን የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቦ ሽልማት የጠበቀ ሰው ነገሩን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ፊደሎቹ ሁሉ ይገኛሉ፤ ቃሉን የምትሞላው አንዷ ፊደል ግን ሰፈሩ በሙሉ ቢጠጣም አትገኝም። በ1920ዎቹ የነበሩ የካናዳ ከረሜላ ሻጮች ያንኑ ስሌት ሠርተዋል። ካርዶቹን አሟልቶ ላመጣ ልጅ ሽልማት እንሰጣለን ይላሉ። ካርዶቹ እኩል ከታተሙ ግን ሽልማቱ ያከስራቸዋል። ስለዚህ አንዷን ቁጥር አሳንሰው ያትማሉ፤ ልጁ እሷን ፍለጋ ከረሜላ መግዛቱን አይተውም፤ የሚሸለመው ልጅ ቁጥር ደግሞ እነሱ በወሰኑት ልክ ይሆናል።

ይህ የአንድ ድርጅት ሥራ ብቻ አልነበረም። በተከታዩ የውድድር ዘመን የሞንትሪያሉ ሜፕል ክሪስፔት ኩባንያ ሠላሳ ካርድ አሟልቶ ለሚያመጣ ልጅ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ቃል ገባ። ከሠላሳው መካከል ስፕራግ ክሌግሆርን የተባለው ተጫዋች ያለበት ቁጥር 15 የሚገኝ አልሆነም፤ እስከ ዛሬም ብርቅ ነው። በአሜሪካ ደግሞ በ1933 ጎውዲ የተባለ የማስቲካ ኩባንያ 240 የቤዝቦል ካርዶች ሲያወጣ ቁጥር 106ን ጭራሽ አላተመም። ልጆች የሌለ ካርድ ሲፈልጉ ከረሙ። ቅሬታቸውን በደብዳቤ ለላኩት ኩባንያው በ1934 ናፕ ላዦይ የተባለውን የድሮ ተጫዋች ካርድ አትሞ በፖስታ ላከላቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ሳነብ እናደዳለሁ። ቤሳውን ቋጥሮ የሚሮጥ የዘጠኝና የዐሥር ዓመት ልጅ ላይ የተሠራ ስሌት ነው፤ የንግድ ብልኀት ነው ብዬ ላልፈው አልችልም።

በፓተርሰን ካርዶች ላይ ይህ ስሌት ሌላም ውጤት ነበረው። ቁጥር 25 የደረሰው ዕድለኛ ልጅ ምን ያደርጋል? አሟልቷልና ይዞ ሄዶ ይሸለማል። ካርዱ ወደ ድርጅቱ ተመልሶ ይቀራል። ተራዎቹ ካርዶች ቤት ውስጥ በቆርቆሮ ሣጥንና በመጽሐፍ መሐል ተረስተው ለእኛ ዘመን ሲደርሱ፣ ከሁሉ ይልቅ የተፈለገው ካርድ በመፈለጉ ምክንያት ጠፋ። ዛሬ በእጅ ያሉት ጥቂቶቹ ምናልባት ስብስቡን ማሟላት ያልቻሉ ልጆች ያስቀሯቸው ናቸው።

ኮርቦ ለምን ተመረጠ የሚለውን የጻፈልን የለም። የእኔ ግምት ግን ይኸው ነው፤ ቬዚናን ወይም ሞሬንዝን ቢያስቀሩ አገር ይጮኽ ነበር፤ ልጆች መጀመሪያ የሚፈልጉት እነሱን ነውና። የተከላካዩ የኮርቦ መታጣት ግን ቶሎ አይነቃበትም። ከሆነ፣ ሰውየውን ዛሬ በጨረታ ቤቶች ስሙ የሚጠራ ያደረገው የዚያን ጊዜ ተራነቱ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ካርዱን ትቼ ሰውየውን መፈለግ ጀመርኩ።

በርት ኮርቦ የተወለደው የካቲት መጀመሪያ 1894 ኦንታሪዮ ውስጥ ፔኔታንግዊሺን በምትባል ትንሽ ወደብ ነው። ከተማዋ ያለችው የሂውሮን ሐይቅ አካል በሆነው በጆርጂያን ቤይ ዳርቻ ነው። በ19 ዓመቱ ሃሊፋክስ ሄዶ በክፍያ መጫወት ጀመረ፤ በዓመቱ ሞንትሪያል ካናዲየንስ ወሰደው። በ1916 ካናዲየንስ ፖርትላንድን በአምስት ግጥሚያ 3 ለ 2 ረትቶ የመጀመሪያውን የስታንሊ ዋንጫ ሲያነሣ ኮርቦ ከተከላካዮቹ አንዱ ነበር። ያ ክለብ ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ዋንጫ ጨምሯል። በ1917 ናሽናል ሆኪ ሊግ ሲመሠረትም ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች መካከል ነበር።

ቅጽል ስሙ “ፒግ አይረን” ነው፤ ገና ያልተጣራ ጥሬ ብረት ማለት ነው። ያኔ ተቀያሪ ጥቂት ነበርና ጥሩ ተከላካይ ግጥሚያውን ከሞላ ጎደል በሙሉ በበረዶው ላይ ይቆያል፤ ራሱን የሚከላከልበት የራስ ቁር የለውም፤ የተጋጣሚን ሩጫ የሚያቆመው በደረቱና በትከሻው ነው። ኮርቦ ይህን ሥራ በሊጉ ውስጥ በ258 ግጥሚያዎች ሠርቷል። በ1925-26 ብቻ 121 ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ ተቀጥቷል፤ ከዚያ ዓመት በፊት በአንድ የውድድር ዘመን መቶ ደቂቃ የተቀጣ ተጫዋች አልነበረም። በዋንጫ ሳይሆን በቅጣት መዝገብ ገባ ማለት ነው። እኔ ግን ቁጥሩን ሳየው የሚታየኝ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ከእሱ የፈጠኑ ወጣቶችን በጉልበቱ ለማቆም የሚታገል ሰው ነው።

ከሕይወቱ ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የ1919 የጸደይ ወራት ነው። ካናዲየንስ ለስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ በባቡር አህጉሩን አቋርጦ ሲያትል ሄደ፤ ኮርቦም አብሮ ነበር። አምስት ግጥሚያ ተደረገ። ሁለቱን ሲያትል አሸነፈ፣ ሁለቱን ሞንትሪያል፤ አንደኛው ጭማሪ ሰዓት ተጨምሮበትም ያለ ግብ ተጠናቀቀ። ዋንጫው በስድስተኛው ግጥሚያ ሊለይ ሚያዝያ 1 ቀን ተቀጠረ። ያን ቀን ግን የሞንትሪያል ተጫዋቾች መነሣት አልቻሉም። በእኛ አገር “የኅዳር በሽታ” ተብሎ የሚታወሰው፣ ከጥቂት ወራት በፊት አዲስ አበባን ያጨደው ያው ወረርሽኝ ነበር የያዛቸው። የክለቡ ባለቤት ጆርጅ ኬኔዲ ዋንጫውን ለሲያትል እንልቀቅ ብሎ ጠየቀ፤ የሲያትሉ አሠልጣኝ ፒት ሙልዱን በታመመ ሰው ላይ ዋንጫ አልወስድም አለ። ከአራት ቀን በኋላ ከሞንትሪያል ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ጆ ሆል ሞተ፤ እሱም እንደ ኮርቦ ተከላካይ ነበር። ኬኔዲም ከበሽታው ሳያገግም በ1921 አረፈ። ዋንጫው ላይ የዚያ ዓመት አሸናፊ የለም፤ የሁለቱ ቡድኖች ስምና ውድድሩ አለመጠናቀቁ ብቻ ነው የተቀረጸው።

ኮርቦ ከሲያትል በሕይወት ተመለሰ። በ1922 ካናዲየንስ ወደ ሐሚልተን ለቀቀው፤ በዓመቱ የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ደግሞ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ወደ ቶሮንቶ ሴንት ፓትሪክስ ተዛወረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ቡድኑ መሆኑ ነው። የብራንትፎርዱ ድርጅት ካርዶቹን ያወጣው በዚያው ክረምት ነበር። በየካቲት 1927 ኮን ስማይዝ የተባሉ ሰው ቡድኑን ገዝተው ስሙን ሜፕል ሊፍስ ሲሉት ኮርቦ ገና እዚያው ነበር፤ ዛሬ የቶሮንቶ ነዋሪ ኢትዮጵያውያን ልጆች ማልያውን ለብሰው የሚታዩት ያ ቡድን ነው። በዚያው ዓመት ሊጉን ተሰናብቶ ወደ ታችኞቹ ሊጎች ወረደ።

ስለ አንድ ተራ ተጫዋች የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ኮርቦ ግን ወደ ተወለደበት ዳርቻ ተመለሰ። ከፔኔታንግዊሺን አጠገብ ባለችው ሚድላንድ፣ ሚድላንድ ፋውንድሪ ኤንድ ማሺን በተባለው የብረት ማቅለጫና ማሽን ፋብሪካ የሥራ ኃላፊ ሆነ። ዋዊኔት የምትባል፣ በ1904 የተሠራች የመዝናኛ መርከብም ነበረችው። ሐይቁን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ መሪውን የሚይዘውም ራሱ ነበር።

መስከረም 21 ቀን 1942 (በእኛ መስከረም 11 ቀን 1935) የፋብሪካው ባልደረቦች ለሽርሽር በዋዊኔት ተሳፈሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጋግሎ የነበረበት ዘመን ነው፤ ለብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ዕረፍት የሚገኝበት ጊዜ አልነበረም። ኮርቦን ጨምሮ አርባ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሃኒ ሐርበር ወደምትባል የመዝናኛ ስፍራ ሄደው ማታ ሲመለሱ ነፋሱ በረታ። ቦሶሌይ ከተባለች ደሴት አጠገብ መርከቧ ወደ ጎን አዘነበለች፤ ውሃ ገባባት፤ ብዙም ሳትቆይ ሰጠመች። ዐሥራ ሰባቱ ተረፉ፤ በጨለማ ዋኝተው ደሴቲቱ ላይ የወጡ አሉ። ሃያ አምስቱ ሞቱ። በርት ኮርቦ አንዱ ነበር፤ ዕድሜው 48 ነበር።

የካርዱ ቁጥርና የሟቾቹ ቁጥር መግጠሙን አስተውያለሁ። ገጠመኝ ነው፤ ምንም ትርጉም ላወጣለት አልፈልግም። ከሃያ አምስቱ መካከል ሃያ አራቱ ካርድ ያልታተመላቸው፣ በጠዋት ተነሥተው ብረት የሚያቀልጡ የፋብሪካ ሰዎች ነበሩና የእነሱን ሞት በካርድ ቁጥር መለካት ይከብደኛል። ሚድላንድን ለመሰለች ትንሽ ከተማ ከአንድ ፋብሪካ ያን ያህል ሰው በአንድ ሌሊት ማጣት ምን እንደሆነ ለማሰብ ያን ያህል ለቅሶ በአንድ ቀን የተቀመጠበት ሰፈር መገመት ይበቃል። መርከቧ ዛሬም እዚያው ናት፤ ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ጠላቂዎች ወርደው ያዩዋታል።

ኮርቦ እንደ ባለቤትና እንደ መሪ የዚያን ሌሊት ኃላፊነት ተሸክሟል፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ነገር ግን የካርዱ ዋጋ ሲነሣ የሚባለው ሁሉ ስለ ወረቀቱ ነው፤ ጥጉ ታጥፏል ወይስ አልታጠፈም፣ ቀለሙ ለቅቋል ወይስ አልለቀቀም። በዋንጫ የጀመረ፣ በወረርሽኝ መካከል ያለፈ፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዛወረ የተጫወተ፣ የአገሩ ሐይቅ የወሰደው ሰው ነው ፎቶው ላይ ያለው። ከገንዘቡ በፊት ይህ ቢነገር ደስ ይለኛል።

የኮርቦን ፊት ለማየት ደግሞ የግድ ባለጠጋ መሆን አያስፈልግም። በተከታዩ የ1924-25 የውድድር ዘመን ኢምፔሪያል ቶባኮ በቻምፕስ ሲጋራ ፓኮ ውስጥ ስድሳ የሆኪ ካርዶች አውጥቶ ነበር። ቬዚናም ሞሬንዝም ኮርቦም አሉበት፤ ኮርቦን ግን ያሳነሰው የለም፤ እንደማንኛውም ባልደረባው እኩል ታትሟል። መቶ ዓመት ያለፈው ካርድ ነውና በነጻ አይገኝም፤ ግን የሚፈልግ ሰው ይገዛዋል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል እኔ የምወስደው ይህንን ነው።